ልብ በይ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ኔትወርኩ ሳሎን አይገባም፣ በረንዳ ላይ ነው የሚጠብቅ።
ስልኩን ከሽንኩርት ቅርጫት አስደግፌ
መነጽሬን ሳስስ ቆየሁ፤ ግንባሬ ላይ ነበር።
ከዚያ ዶክተር ሶልያና ብቅ አለች
ከመስታወቱ ስንጥቅ ማዶ፣ የልጅ ልጄን ታላቅ እህት የምታክል።

«ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ይሰማል?»
ይሰማል ልጄ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የቴሌ ኦፕሬተር ነበርኩ፣
ገመድ ስነቅል፣ ገመድ ስሰካ፣
ጅማን ከደሴ፣ ነጋዴን ከሚስቱ ሳገናኝ።
አሥራ ሁለት መብራት ባንዴ ሲበራ
እዚያ ብቻ ነው አእምሮዬ አደብ የገዛው።
ቤቱ ጭር ሲል፣
አንድ ነገር፣ አንዷን ብቻ፣ ልሠራ ስቀመጥ ነው ጉዱ።

«ታዲያ በስድሳ ስድስት ዓመትዎ፣ ለምን አሁን?»

ናኦልን ትምህርት ቤት ጠርተው መጠይቅ ሰጡን።
ዕቃ ይጥላል? የጀመረውን ይተዋል?
ሲያወሩት ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል?
እናቱ ጮክ ብላ ታነባለች፣
እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ፣ በሆዴ፣ ስለ ራሴ፦
አዎ። አዎ። በጣም።
ሽሮው አረረ።

ማክሰኞ ሌሊት ውሃ ይመጣል። ቧንቧ ከፍቼ በርሜል ደቅኜ
ሬዲዮው ስለ ዝሆን ሲያወራ ጆሮዬን ጣል ባደርግ
ከታች የአቶ ቱፋ ሳሎን ዘነበበት።
ሁለተኛ ጊዜው ነው።
ይቅርታ ልል ዳቦ ገዝቼ ወረድኩ፤
ዳቦው ሱቅ ቀርቷል።
የቤቴ ቁልፍ አራት ነው፤ አንዱ ከጥበቃው፣ አንዱ ከሱቁ ልጅ፣
ሁለቱን እግዜር ይወቅ።

«ልጅነትዎን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ?»

እናቴ የለችም፤
«ቀልቧን የወሰደ ይመልስላት» እያለች ፀበል ለፀበል ያዞረችኝ።
«ልብ በይ!» እያሉ ጠመኔ የሚወረውሩት መምህሬ የሉም።
አባቴም የለም፤
«ልብ የሚባል አልፈጠረባትም» ብሎ የፈረደው።
ደጀኔ ብቻ ቀረ፣ ወንድሜ፣ ሰንዳፋ።
መስመር ላይ አስገባሁት፤ ሥራዬ አይደል።

«ይቺ? ለነጭ ጋዝ ተልካ ድመት ይዛ የመጣች!
ጠርሙሱም፣ ስሙኒውም፣ እስከ ዛሬ!»
ሳቀ። ዶክተሯም ሳቀች።
እኔ የዚያን ማታ ቀበቶ ሰማሁ።
እሱ ረስቶታል።
እኔ፣ ሁሉን የምረሳዋ፣ አልረሳሁም።

ከዚያ ስሙን ነገረችኝ፤ ረጅም ነው፣
ትኩረት አለበት፣ ጉድለት አለበት።
እስከዚያች ቀን ስሙ እታፈራሁ ነበር።

«መድኃኒት አለው፤ ግን በዚህ ዕድሜ
ከመጀመራችን በፊት ልብዎን እንየው።»
ልቤን?
መስመሩ ተቆረጠ።
ስልኩን ይዤ በረንዳው ላይ ቀረሁ፣
ዝናብ ከየረር በኩል እየመጣ፣ ልብሴ ገመድ ላይ፣
ልቤን፣ እያልኩ።
ልብሱም በሰበሰ።

ሐሙስ ገላን ክሊኒክ ሄድኩ (ቀጠሮው ረቡዕ ነበር)።
ነርሷ ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ለጣጥፋ
ገመድ ሰካች፣ ገመድ፣ ሌላ ገመድ፣
የድሮ ሥራዬን በእኔው ላይ።
ማሽኑ ወረቀት ተፋ፤
ሐምራዊ ካሬ፣ ጥቁር ተራራ፣ ሜዳ፣ ደግሞ ተራራ፣
አንዱም ሳይዘለል።
«ይኸውልዎ» አለች፣ «ልብዎ።»

አባዬ፣
አለ። በደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ።

መድኃኒቱ ገና ነው፤ ሁለት ፋርማሲ የለም ብለውኛል፣
ሦስተኛውን የጻፍኩበት ብጣሽ የት ገባ?
ልቤን ግን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ከውሃ ቀን በታች።
ትናንት ናኦል መጣ፤
ፍሪጁን ከፍቶ ቆመ፣
ምን ሊያወጣ እንደመጣ ጠፍቶት።
ልብ በል፣ አላልኩትም።
ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፣
ብርዱ እግራችን ላይ እየፈሰሰ፣
እስኪመጣልን።