አራቱም እግሯ

ሶማሌ ተራ ጓሮ፣ ከአሮጌ ጎማ ሥር፣
ሣር በቅሎባት አየሁ፣ ኒቫ ያለ ሞተር።
በሯ ባንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ቀርቶ፣
ወለሏ በዝገት እንደ ወንፊት ተበስቶ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ድመት ወልዳ ተኝታ፣
ኮፈኗን ብከፍተው፣ የባዶ ቤት ጸጥታ።
«ስንት?» አልኩት ሻጩን። «ከነድመቷ?» አለኝ፣
ከጎማው ክምር ላይ ቀና ብሎ እያየኝ።

ሞተርማ ነበረኝ።
ሰማያዊና ነጭ፣ ታክሲዬ፣ ላዳዬ፣
ሃያ ሰባት ዓመት ጥሪቴ፣ ጓዳዬ፤
አሁን ሰው በስልኩ ሌላ መኪና ጠርቶ፣
እሷ ቆማ ቀረች፣ ጎማዋ ተኝቶ።
አካሏ ቢያረጅም ልቧ አልደከመም፣
የክረምት ማለዳ እንኳ ሳል አያውቃትም።

ሙዘይን መካኒኩ ሁለቱን ለክቶ፣
እርሳሱን ከጆሮው ከላይ አውጥቶ፣
«የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሞተሩ ይገባል፤
ቀዳዳው እንዳለ በቦታው ያርፋል።
ግን ደባስ፣ የአስፋልት ሰው፣ ኒቫ ምን ያደርግልሃል?»

አልመለስኩለትም።
አንድ ሐምሌ፣ ሌሊት፣ ከሽሮ ሜዳ ላይ፣
አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ጭቃው ገና ሲታይ፣
«ከዚህ በላይ አትወጣም፤ እዚህ ነው ሂሳቤ»
ብዬ ያወረድኳት ሴት አለች ከልቤ።
ሆዷን ባንድ እጇ፣ ባንዱ ጫማዋን ይዛ፣
በመብራቴ ፊት ሄደች፣ ዳገቱን ተጉዛ።
የሃምሳ ብር መልሷ እጄ ላይ ቀረ፤
እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ነው የኖረ።

ዕቁብ ወጣልኝና ደብተር ገዛሁ፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ሉክ፦
ጎማ አራት፣ ያገለገለ፣ ከምናለሽ ተራ፣
ሁለቱ መንታ ናቸው፣ ሁለቱ ባላጋራ።
የፊት ዲፈረንሻል፣ ጥርሱ የተሸረፈ፣
ሙዘይን በምላሱ ዋጋውን ያረገፈ።
ማርሚታ፣ ከውሃ ቧንቧ፤ ፈይሳ በይዶልኝ፣
«ነፃ ነው» አለና ክትፎ አስጋበዘኝ።
የኋላ ወንበር፣ ባዶ። ድመቷ አልወጣችም፤
ልጆቿ እስኪያድጉ ማንም አልነካትም።

ሞተሩን በሰንሰለት፣ በሦስት እንጨት አንስተን፣
ከላዳዬ ደረት ቀስ ብለን ስናወጣው፣
አፍንጫዋ ከፍ አለ፣ ሞላዋ ተነሣ፣
ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀና አለች።
ፊቴን አዞርኩ።
ሙዘይን ብሎን የጠፋው መስሎ ጎንበስ አለ።

ትርንጎ ደብተሩን አንድ ማታ ከፍታ፣
በጣቷ ደመረች፣ መነጽሯን አውጥታ።
«በዚህ ብር» አለችኝ «ጣራው ይቀየራል።»
እውነቷን ነው። ያፈሳል።
ደብተሩን ዘጋችው፤ መብራቱን አጠፋች።
ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ በጨለማው መሀል፣
«ጎማው ላይ ተበልተሃል» አለች።

ሰባት ወር ፈጀብን።
ላዳ ልቧን ሰጥታ ኒቫ ስትነሳ፣
እሑድ ጎህ ሳይቀድ ወጣን ወደ ፒያሳ።
ከመንገዱ በታች ሰፈር የፈረሰበት፣
መሀል ከተማ ላይ አፈር የቀረበት፣
ድንጋይ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ።
የማን በር እንደነበር ጎማው አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ፤
እዚህ ስንት ሌሊት ሰው አውርጃለሁ።

አስፋልቱ አለቀ።
እግሬ፣ ሳላዘው፣ ፍሬኑን ረገጠ።
ሃያ ሰባት ዓመት የለመደ እግር ነው።
ሞተሩም ያውቀዋል ቦታውን፤ እሱም ቀጥ አለ።
አንድ ውሻ ጮኸ።
ሙዘይን አላየኝም፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣
«ልቀቃት» አለኝ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቁልፉን አዞርኩ። ትንሿን ማርሽ ሳብኩ።
የፊቱ ቧጠጠ። የኋላው ገፋ።
መንታዎቹ ቀድመው፣ ባላጋሮቹ እያጉረመረሙ፣
አንድ ድንጋይ ላይ ወጣን፤
የቤት ደፍ ነበር፤
በማዶ ወረድን።

ማታ ደብተሬ ላይ፣ ከድምሩ በታች፣
አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «መልስ። የአንዲት ሴት። ያልተከፈለ።»
ቦሎ ገና አልወጣላትም።
ሐምሌ ሊገባ ነው።
ጣራው ያፈሳል።