ስልሳ አራት ደረጃ

ጉልበቴ ሆይ ስማኝ፤ ስምህ ሁለት ነበር።
አንዱን በየሌሊቱ፣ በሆስፒታሉ በር
በሰዓት ሂሳብ ሸጬ፣
የበሽተኛ አንሶላ በእንፋሎት ቀቅዬ፣ ጨምቄ ገልብጬ፣
ሌላውን ለራሴ አስቀረሁ፤
ንጋት ላይ ባሕሩ ዳር ከሰው እኩል ሮጥኩ፤ ሰው መሆኔን አየሁ።

ዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ከደርባን ወደብ ተነሥተን
ማሪትዝበርግ ገባን፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር ዳገት ቁልቁለት በልተን።
ዐሥር ለሞላለት ቁጥሩ የራሱ ነው፤ ሲሞትም አይወረስም።
ዐሥረኛዬ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣
አንተ ሎሚ የምታህል አጥንት፣ ምን ነክቶህ ነው
ዳገቱን ችለህ ቁልቁለት ላይ የምትጮኸው?

ዴቫኪ ጎቬንደር፣ የቻትስዎርዟ ወጌሻ፣
በአውራ ጣቷ በረበረችህ፣ እንደ ጠፋ ቁልፍ፣ እስከ መጨረሻ።
«ይህ ጅማት ነው» አለች፣ «ከዳሌ በጭን ጎን የሚወርደው፤
አጥንቱን እንደ ገመድ ሲፈትግ ነው የነደደው።
ዕረፊ።»
«እስከ መቼ?»
ዝም አለች። ፎጣዋን አጠፈች።
«ሃምሳ ራንድ ቀንሼልሻለሁ» ብላ ደረሰኜን ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም።
በረዶ የሠራ አተር በከረጢት አስሬብህ አደርኩ፤
ጠዋት አተሩ ለስልሶ፣ አንተን እንደ ትናንቱ አገኘሁ።
እስከ ወገቤ ባሕር ገብቼ በውሃ ውስጥ ሮጥኩ፤
ዓሣ አጥማጆቹ መቃጥናቸውን ጥለው ሲስቁ
እኔም አብሬ ሳቅኩ፤
ጨው ዓይኔን ሲያቃጥለው ሰበብ አገኘሁና ጥቂት አለቀስኩ።
ማዱቤ፣ የላይኛዋ ጎረቤቴ፣ ቅባት በጣሳ አመጣች፤
«የአባቴን በሬ አድኖታል» አለች።
በሬው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ አልጠየቅኋትም፤ ቀባሁህ።

የክለቤ ሰዎች ጎህ ሲቀድ በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ።
ጫማቸውን በድምፁ ለይቼ አውቃለሁ፤
ያ፣ ግራውን የሚጎትተው፣ ምላሙሊ ነው።
«ዚቡዪሌ! የት ጠፋሽ?»
«ጉንፋን ነው!»
ጉንፋን።
አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ የልጅ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።
ግን «ጉልበት አጣሁ» ብዬ በመስኮት እንዴት ልጩህ?
በእኛ ሰፈር ጉልበት ያጣን ሰው
ማንም ጎትቶ ከሰልፍ አያስገባውም።

ዓምና ያየሁትን ልንገርህ፤ ለማንም አልተናገርኩም።
ዐሥራ ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል
አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ መጨረሻው መስመር ላይ ይቆማል፤
ጀርባውን ለሯጮቹ ሰጥቶ።
ማን እንደቀረ ማየት የለበትም፤ ካየ ጣቱ ይዝላል።
ተኮሰ።
ከኋላው አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ክንድ ሲቀረው፣
በእጁም በእግሩም እየዳኸ ነበር።
ሁሉም «ውይ!» አለ። እኔም አልኩ፤
ግን ሜዳሊያዬን ጨብጬ፣ በውስጤ፣
እኔ ባለመሆኔ ደስ አለኝ።

ዘንድሮ ባለ ሽጉጡ አንተ ነህ።
ጀርባህን ሰጥተኸኛል፤
ብድኽም፣ ብነግርህም፣ ዞረህ አታይም።

የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ ሞቷል።
ነገ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ቁጥሬን ደረቴ ላይ ወግቼ፣ ማሰሪያዬን ሁለቴ ቋጥሬ
ደረጃው አፋፍ ላይ እቆማለሁ።
ስልሳ አራት ነው። ሁሉም ቁልቁለት።
አላባብልህም፣ አልቆጣህም፤
በኪኒን አፍህን አልለጉምህም፤
ያየኸውን እንዳየኸው ተናገር።

ዝም ካልክ፣ በሩ ጋ ታክሲ ይጠብቀናል።
ከጮህክ ደግሞ፣ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ የምላሙሊ በር አለ።
እርሱም ያን ጊዜ ጫማውን እያሰረ ይሆናል።
አንኳኩቼ
ጉንፋን አልነበረም እለዋለሁ።