የድሮ ጉሮሮ

ኪቫሶ፣ ከፖ ወንዝ ዳር፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የኅዳር ጭጋግ ጋራዡን እንደ ቤቱ ለምዶ፣
መኪናዋን ገፍተን አስገባናት፤
ሞተሯ ነክሶ ስድስት ዓመት የቆመች ፊያት፣
ቀለሟ የወተት፣ በሯን ዝገት እንደ ብል የበላት።

ባለቤቷ ኦርኔላ ቦርሳዋን አቅፋ
ከኮፋኖው ፊት ቆመች፣ እንደ አስታማሚ ተሰልፋ።
«ሞተሩን ከየትም አምጡት፤ የማንም ይሁን የማን፤
ድምፁን ግን እንዳትነኩብኝ፣ አደራችሁን።
ዳሪዮ ከፋብሪካ ማታ ሲመለስ
ከኩርባው ላይ ነበር በድምፁ የማውቀው፤
ገና ማርሽ ሲቀንስ
ሾርባውን ምድጃ ላይ ጥጄ የማሞቀው።»

ሞተር አገኘን፤ አስቲ፣ ከመኪኖች መቃብር፣
አራት መቶ ዩሮ፣ ከነአቧራው፣ ከነድሩ።
በሰንሰለት ሰቅለን አወረድነው፤ ገጠመ፤
ከካምቢዮው ጋር ወዲያው ተስማማ፣ ተጋጠመ።
የጭሱ መውጫ ላይ ግን ሁለቱ ብረቶች አኮረፉ፤
የአንዱ ቀዳዳ ሦስት፣ የሌላው አራት፤
እንደ ተቀያየመ ጎረቤት፣ በጣት ስፋት ተላለፉ።

ሬሞ ካታሎግ ዘረጋ፤ ሙሉ መስመር፣ አይዝጌ፣ መስታወት የሚመስል፤
«በአራት ቀን ይደርሳል። ምን ያለፋናል?»
እኔ ከመኪናዋ ሥር ተንጋልዬ፣
ጋን እንደሚገዛ ሰው ጣቴን አጥፌ፣
አሮጌውን አንኳኳሁት፣ ጆሮዬን ጥዬ።
ከፊት በኩል ዝገቱ እንደ ገለባ ዓይኔ ላይ ረገፈ፤
የኋላው ግን መለሰልኝ፤ ድም አለ።
መሀሉ ላይ አንድ ጠባሳ፤ ወልጋዳ ብየዳ፣
የጀማሪ እጅ፣ እንደ ልጅ ስፌት።
«የሱ ነው» አለች ኦርኔላ ጎንበስ ብላ፤
«አንድ እሑድ፣ ጣቱ እስኪቃጠል፣ ከጓሯችን ሜዳ።»

«ማርሚታው ደህና ነው!» ብዬ ከሥር ጮህኩ።
ሬሞ ሳቀ። «ጣሊያንኛ አልችልም ስትለኝ አልነበር?»
«ይሄ አማርኛ ነው» አልኩ።
ደሴ፣ አይሱዙ ሥር፣ ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ
የለመድኩት ቃል፤ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፤
እንደ ጨው የአገር መስሎኝ፤ ማን ከየት ብሎ አሰበ?
«እኛ ዘንድ» አለ፣ «ማርሚታ ድስትም ነው፣ የወጥ።
እናንተ ዘንድ እንዴት ደረሰ?»
ዓመቱን ነገርኩት፤ ካሚዮኖቹን፤ መንገዱን።
ሳቁን ዋጠ።
ቁልፍ አሥራ ሦስት አቀበለኝ፣ እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ።
ለረጅም ሰዓት ሬዲዮኑ ብቻ አወራ፣ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ኑሮ።

ቡሎኖቹ እምቢ አሉ። «ብረትን እንደጋለ» ይላሉ ያልሞከሩት፤
የጋለ ቡሎን ከቸኮልክበት አንገቱን ቆርጦ ይጥልብሃል።
ፍም እስኪመስል አንድደህ ሻማ ታስነካዋለህ፤
ሰሙ ወደ ጥርሱ እስኪሰርግ ትጠብቃለህ፤
ያኔ፣ ሽማግሌ እንደለመነው ቂመኛ፣ ሩብ ዙር ይላል።

የዛገውን ቆረጥኩ። ከአዲሱ ሞተር አፍ የብረት አንገት
ለአሮጌው ቧንቧ ሰፋሁለት፤ ከዳሪዮ ስፌት
አንድ ስንዝር ፈቅ ብዬ፤ የሱን አልነካሁትም።
ጓርኒሲዮኑ ብቻ አዲስ፤ ሌላ አልተገዛም።

ቁልፉን ኦርኔላ አዞረች።
መጀመሪያ የሰም ሽታ፣ ሰማያዊ ጭስ፣ ሳል፤
ከዚያ ድምፅ፤ ወፈር ያለ፣ ከደረት የሚመጣ።
ራሷን ነቀነቀች። «እሱ አይደለም» አለች።
እጄ ላይ ጨርቁ ከበደኝ።
እንደገና ረገጠች፤ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።
«ቆይ» አለች።
«ጥር ላይ፣ ጉንፋን ሲይዘው፣
እንዲህ ነበር።»

ሬሞ ሂሳቡን በእርሳስ ጻፈ፤ ሞተር፣ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ፤
ከማርሚታ ፊት ለፊት ሰረዝ ብቻ።
መሸ።
ቀይ መብራቷ ጭጋጉ ውስጥ ሟሸሸ፤
ከድልድዩ ኩርባ ላይ ማርሽ ስትቀንስ ሰማን።
ሬሞ ሰዓቱን አየና
«የሾርባ ሰዓት ነው» አለ።