ሚኒሞ

ረምስ፣ የዓሣ አጥማጅ ከተማ፤
በሸይባ ዑበይድ ጓሮ፣ ከተቀደደ መረብ ሥር፣ ከፍየሎቹ ጎን ቆማ፣
አሥራ አንድ በጋ ጨው ስትልስ ከርማ፣
አገኘኋት።

ቀይ ነበረች ይላሉ። እኔ ያየሁት ግን የሻይ ዝቃጭ ቀለም፤
ፋኖሷ ውስጥ ሸረሪት አለ፣ ባትሪዋ ውስጥ ምንም የለም።
ጎማዋ እንደ ቋንጣ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣
መቀመጫዋን ፍየል ግጦት፣ ስፖንጁ በጎን ተላቅቆ።

እኔ የበረዶ ፋብሪካ ዘበኛ ነኝ፤ ፈረቃዬ ሌሊት፤
ስወጣ አውቶብስ የለም፤ በእግር ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በዚያ እርጥበት።

«ስንት?»
«አራት መቶ።»
«ይቺ ብረት?»
«ብረት አይደለችም፤ ሆንዳ ናት።»

ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ተስማማን። ድርሃሙን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና፣
አገጩን በከዘራው ጫፍ ደግፎ ትንሽ ዝም አለና፣
«ሃምሳውን ልመልስልህ» አለኝ፣ «አንድ ነገር ቃል ግባና፤
የተነሣች ቀን እዚህ አምጣት። ድምፅዋን ልስማ እንደገና።»

ልጅ ሳለሁ፣ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ይመኑ ዘንድ ፒንሳ አቀባይ ነበርኩ፤
ዳዶ ሲለኝ ቡሎን ሰጥቼ ስንቴ በኩርኩም ተመከርኩ።
ሃያ ዓመት አለፈው። ዛሬ ከካምፑ ጀርባ፣ በስልኬ መብራት፣
የእሱ ጣቶች ናቸው በጣቶቼ ገብተው የሚፈቱላት።

ፒስተኑ ተጣብቋል። ካንዴላውን ነቅዬ ናፍጣና ዘይት አጠጣኋት።
«አትቸኩል» አለኝ ጉልዛማን፣ የአልጋ ጎረቤቴ ፓሽቱን፤ «ተዋት፤
አሥራ አንድ ዓመት የተኛ በአንድ ሌሊት አይነቃም።»
አምስት ቀን ተውኳት። በስድስተኛው መርገጫዋ ዝቅ አለ፣ ግማሽ ጣት ቢሆን ነው።
ግማሽ ጣት! እንደ ሠርገኛ ጮኽኩ፤
የተኛውን ፈረቃ ሁሉ ቀሰቀስኩ።

ሰልባትዮዋን ብከፍት ቤንዚኑ ሙጫ ሆኗል፣ ዝገቱ እንደ ተልባ፤
ኮምጣጤና እፍኝ ዳዶ ጨምሬ ናጥኩት፣ ፀሐይ እስክትገባ።
ካርቡራቶሯ ውስጥ፣ ከፀጉር የቀጠነች ቀዳዳ በአንዲት ቅንጣት ተደፍናለች።
ይህን ሁሉ ብረት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያቆመችው ይህቺ ናት እንግዲህ?
ከፍሬን ካቦ አንድ ክር መዝዤ ወጋኋት፤ ብርሃን ታየኝ ከወዲያ ወዲህ።
ስለ ራሴ አላሰብኩም አልልም።

ካቴና ከሻርጃ አስመጣሁ፤ ጎማውን በዱቤ፤ የዚያ ወር ሐዋላ ዘገየ።
እህቴ ደወለች። «ምነው፣ አመመህ?»
«ጉንፋን» አልኳት።
ጉንፋን አራት መቶ ድርሃም አይፈጅም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ጧት፣ አሥራ ሰባቴ ረገጥኳት።
በአሥራ ስምንተኛው አስነጠሰች፤
ከማርሚታዋ የተርብ ጎጆና ጥቁር ጢስ ተፋች፤
ቆመች። ረገጥኳት። ቆመች።
ከዚያ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ዝም ብላ ሠራች።

በባሕሩ መንገድ፣ ፍሬኗ እያቃሰተ፣ ሦስተኛ ማርሿ እያመለጠ፣
ግቢው ደረስኩ። ሸይባ ዑበይድ ከበሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ ሰጥቶ እንደተቀመጠ።
ጥሩንባ ነፋሁ። ዘወር አላለም።
የልጅ ልጁ ናት ወጥታ ጆሮዋን በጣቷ የነካችው፣
«ከታመመ ወዲህ አይሰማም» ያለችው።

ማጥፋትም መንዳትም ጠፋኝ፤ እጄ ጋዙ ላይ ቀረ፤
ቃል የገባሁት ድምፅ ነበረ።

ሽማግሌው ግን ጢሱ ሸተተው መሰለኝ፤ ተነሣ፤ ከዘራውን ለልጅቷ ሰጠ፤
ደም ሥሩ የገነነ መዳፉን ሰልባትዮዋ ላይ አስቀመጠ።
ዓይኑን ጨፈነ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤
የእርጅናው ይሁን የሞተሩ እኔ አልለየሁም።
ፍየሎቹ መጥተው ከበቡን።
ይመርቀኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያለቅሳል ብዬም ፈራሁ።

በዐረብኛ ነው የተናገረው፣ እንደ ደንቆሮ ሰው ጮክ ብሎ፤
እኔ ግን የሰማሁት በጋሽ ይመኑ አፍ ነው፦
«ሚኒሞዋ በዝቷል። ቀንሰው።»

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ሩብ ዙር መለስኩ።
ልክ ነበር ሰውየው።