ወዝ

ቢቸና ጤና ጣቢያ፣ በነጠላሽ ተሸፋፍነሽ
«የሚቀባ የለም?» አልሽኝ፣ መሬት መሬቱን እያየሽ።

ነይ ተቀመጪ፣ ይታይሽ።

ከእያንዳንዷ ጠጉር ሥር፣ ከጤፍ ያነሰች ከረጢት
ቅቤ ትንጣለች ሌት ተቀን፣ ያለ ቅል፣ ያለ ወተት።
የጮቄ ነፋስ ሲገርፍሽ፣ ቆዳሽ እንዳይሰነጠቅ
እሷ ናት ቀድማ የምትደርስ፣ ሳትጠራ፣ ሳትጠየቅ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላሽ፣ እጇ ተፈታ፣ አበዛች፤
ሙት ቆዳ ደጇን ዘጋና፣ መውጫ አጥታ አበጠች።
በልብስ ሳሙና መፈተግ፣ በሎሚ መለብለብ ለምን?
ለብ ባለ ውኃ፣ በስሱ፣ ጧት ማታ ታጠቢ ፊትሽን፤
ጥፍርሽን ግን ሰብስቢ።

ጉንጬን እይው፤ ይህን ጠባሳ፣ ነጋሪ ባጣሁ ጊዜ
በገዛ ጥፍሬ ነው የጻፍሁት፣ መስታወት ይዤ።

ሳምንታት ይፈጃል፤ ካልቀለለሽ ተመለሺ።
እስከዚያው ነጠላሽን አውርጂ፤
የሰው ወዝ አያሳፍርም፣
ይታይሽ።