የተረፈ ኪኒን ብዛት

ሐምሌ ነው። ደብረ ብርሃን ጉም ውስጥ ተኝታለች፤
የምርመራ ክፍሌ በር እንደ ታማሚ ታቃስታለች።
ቁጥር አርባ አንድ ገቡ፣ አርባ ሁለትን ደግፈው፣
ከሰላ ድንጋይ በሌሊት በአይሱዙ ተሳፍረው።
(ስም አንጽፍም እኛ፤ ቁጥር ነው የምንጽፈው።
እኔ ግን አውቃለሁ፦ አቶ ሸዋፈራ ናቸው፣
አርባ ሁለት ደግሞ ወይዘሮ አፀደ፣ ሚስታቸው።)

ባል የመርሳት ጥናት ላይ፣ ሚስት የወገብ ሕመም፤
ሁለት ጥናት፣ ሁለት ብልቃጥ፣ አንድ መልክ፣ አንድ ቀለም።
የቱ መድኃኒት እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ባዶ ዱቄት
ሐኪሙም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ የታሸገ ፖስታ ነው ያለበት።

«ሦስት ቃል ልንገርዎት፤ ኋላ እጠይቅዎታለሁ፦
በሬ፣ መስኮት፣ ጨው።»
«በሬ፣ መስኮት፣ ጨው» አሉ፤ ሳቁ፤ «ይህንንማ እይዘዋለሁ!»

ወደ ሚስት ዞርኩ። «ከዜሮ እስከ አስር፣ ሕመምዎ ዛሬ ስንት ነው?»
«ሕመም እንደ ገብስ በቁና ይሰፈራል እንዴ፣ ልጄ?
ባለፈው ስምንት ብያለሁ፤ አሁን አምስት በይልኝ፣ በቃ።»
ከስምንት አምስት! ደስ አለኝ፤ ልቤ ከእንቅልፉ ነቃ።

ብልቃጦቹን ገለበጥኩ፤ ጠብ የሚል የለም፣ ልክ ነው፤
«የተረፈ ኪኒን ብዛት» ዜሮ፣ ዜሮ። ጎበዞች ናቸው።
እንዲያው ለወጉ ያህል «እንዴት ነው የሚውጡት?» አልኳቸው።

ተያዩ። ባል አቀረቀሩ፣ ባርኔጣቸውን ዳበሱ።
«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ ሚስት፤ «ማታ ማታ እናጋምሳለን፤
በቢላ ለሁለት ከፍለን፣ ግማሽ ግማሹን እንውጣለን።
የእኔን ለእሱ፣ የእሱን ለእኔ።
አርባ ዓመት የቆረስነው ከአንድ ገበታ ነው፤
መድኃኒት ሲሆን ጊዜ ለየብቻ መዋጥ ነውር ነው።
ደግሞስ እኔ ብቻዬን ቢሻለኝ፣ እሱ ግን ስሜን ቢረሳው፣
ቀና ብዬ ማንን ላየው?»

ለዚህ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።
«ደንብ ተጥሷል» የሚል አለ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ።
ምልክት ካደረግኩ ይወጣሉ፤ የመሳፈሪያው ብርም ይቀራል።
ካላደረግኩ አምስቱ ውሸት ነው፤
ነገ ከመሐል ሜዳ፣ ከአለም ከተማ የሚመጣ የማላውቀው ወገብ
በእኔ ውሸት ይታከማል።

ደግሞ አምስት ያደረገው ምንድን ነው?
ኪኒኑ ነው? ዱቄቱ? ወይስ ቢላው?
ቢላን ከኪኒን ላወዳድር ብል የትኛው ኮሚቴ ይፈርምልኛል?

ብዕሬን አሸሁት፣ ብርዱ ቀለሙን ይዞታል።
ኤክስ አደረግኩ። አርባ አንድ ላይ። አርባ ሁለት ላይ።

ሥራ ነውና ግን ጠየቅኩ፦ «እነዚያ ሦስት ቃላትስ?»
«በሬ…» አሉ። «ጨው…» ቆዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ።
ወይዘሮ አፀደ ምንም አላሉም። ወገባቸውን ይዘው ተነሱ፣
ላብ የያዘውን መስተዋት በመዳፋቸው ጠረጉ፤
ከውጭ አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ ጋሪ ታየ።
«መስኮት!» አሉ አቶ ሸዋፈራ።

ከጥናቱ ወጥተዋል፤ ውጤቱ የትም አይገባ።
ሦስት ከሦስት ሰጠኋቸው።