ሞል

ፔዳ አራት ዓመት ታሪክን ተምሬ፣
የደሴት ብራና ኅዳጉን መርምሬ፣
«በኅዳር በሽታ ሠላሳ ሰው ሞተ»
የሚል ቀይ ቀለም ላይ ዐይኔ ተጎተተ።

ማን ነበር ያን ግንባር በእጁ የዳሰሰ?
አይልም ጸሐፊው፤ ብዕሩን መለሰ።
እኔም ቀድቼዋለሁ፣ በግርጌ ማስታወሻ፦
ሠላሳ። አራት ነጥብ። የገጽ መጨረሻ።

አማካሪዬ ይሄይስ መነጽሩን አውልቆ፣
«አጨዳ ላይ ደርሶ ሰው ይሄዳል ማሳ ለቆ?»

ቀበሌ አሥራ አራት፣ በረንዳ ላይ ሆኜ፣
የታናሽ እኅቴን ኬሚስትሪ ለምኜ፣
«ሞል ምንድን ነው?» አልኳት። ሳቀች ማስተዋል፤
«እኛ ዘጠነኛ ጨርሰነዋል!»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ታንኳውን ደገፈ፣
ከመቅዘፊያው እንቦጭ በዝምታ ገፈፈ።
«ስንት ዓመት ነው?» አለኝ። «ስምንት ይሆናል።»
«ስምንት?» አለ ደግሞ፤ ሐይቁን ያየዋል።
«ይቺ የደንገል ታንኳ ዓመት አትሞላም፤
ስትበሰብስ ሌላ አስራለሁ፤ መቅዘፍ አልተውም።»
ከዚያ ወዲያ ቃል የለም።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ጭላንጭል፣
ሦስቴ ተሳሳትኩ በዚያችው አንድ ሞል።
ማስተዋል ከአልጋዋ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፣
«አታካፍል፣ አባዛ» አለች ስትገላበጥ።